ስውር የሄፓታይተስ ቢ ኢንፌክሽን፦ ከጎርጎራ የምርመራ ወረቀት እስከ ጎንደር ላቦራቶሪ

ጎርጎራ ከጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኝ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ አንዲት ነፍሰ ጡር ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ጥቂት ደም ትሰጣለች። ደሙ በአንዲት ጠባብ የምርመራ ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል። ሩብ ሰዓት ያህል ከተጠበቀ በኋላ የመቆጣጠሪያው መስመር ብቻ ከታየ በመዝገቡ ላይ «ነጋቲቭ» ተብሎ ይጻፋል፤ ለእናቲቱ ግን ብዙ ጊዜ «ነፃ ነሽ» ተብሎ ይነገራታል። በመዝገቡ ቃልና በአፍ በሚነገረው ቃል መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ምርመራው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የላይ ሽፋን አንቲጂን በደሙ ውስጥ አለመታየቱን ይናገራል። ቫይረሱ በጉበቷ ውስጥ አለመኖሩን ግን ሊናገር አይችልም።

የላይ ሽፋን አንቲጂኑ በምርመራ ሳይታይ የቫይረሱ ዲኤንኤ በጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቆይበት ሁኔታ «ስውር የሄፓታይተስ ቢ ኢንፌክሽን» ይባላል። የብዙዎቹ ተሸካሚዎች ጉበት ጤናማ ሆኖ ዕድሜያቸውን ሊዘልቅ ይችላል። አደጋው የሚገለጠው ደማቸው ለሌላ ሰው ሲሰጥ፣ የበሽታ መከላከያ ኃይላቸው በሕክምና ወይም በሕመም ሲዳከም፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት ጠባሳና ካንሰር ሲከሰት ነው።

በአገሬው አነጋገር የዓይን መቢጨት የሚታይበት ሕመም «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ ስሙም ከሌሊት ወፍ ጋር ተያይዞ ይነገራል። የሕዝቡ ዕውቀት በሚታይ ምልክት ላይ የቆመ መሆኑ አያስደንቅም፤ የሕክምናውም ዕውቀት ቢሆን ለረጅም ጊዜ ከዚያ አልራቀም ነበር። ስውሩ ኢንፌክሽን ግን ዓይንን አያቢጭም፣ ሽንትን አያጠቁርም፣ አብዛኛውን ጊዜ የጉበት ኢንዛይሞችን እንኳ ከፍ አያደርግም። ስለዚህ በምልክት ፍለጋ አይገኝም።

ቫይረሱና ዱካዎቹ

የሄፓታይተስ ቢ ታሪክ የጀመረው በአንድ ያልተጠበቀ ግኝት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ባሩክ ብሉምበርግና ባልደረቦቹ የተለያዩ ሕዝቦችን የደም ፕሮቲኖች ሲያነጻጽሩ በአንድ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ደም ውስጥ እንግዳ የሆነ ፕሮቲን አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 «የአውስትራሊያ አንቲጂን» ብለው ይፋ አደረጉት። ዛሬ በምርመራ ወረቀቱ ላይ የሚፈለገው የላይ ሽፋን አንቲጂን ያው ነው። ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫይረሱ እጅግ ትንሽ የሆነ፣ 3,200 ያህል የዘር ፊደላት ብቻ ያሉት፣ በከፊል ባለ ሁለት ዘርፍ ዲኤንኤ የተሸከመ ነው። ወደ ጉበት ሕዋስ ከገባ በኋላ ይህ ጎደሎ ዲኤንኤ በሕዋሱ ኒውክለስ ውስጥ ተሟልቶ የተዘጋ ክብ ይሆናል፤ ከሕዋሱ ፕሮቲኖችም ጋር ተጠቅልሎ እንደ ትንሽ ክሮሞሶም ይቀመጣል። የሄፓታይተስ ቢን ጠባይ ለመረዳት ከሁሉም በላይ መጨበጥ ያለበት ነጥብ ይህ ነው። ክቡ ዲኤንኤ ሕዋሱ እስካለ ድረስ ሊቆይ ይችላል። አሁን በሥራ ላይ ያሉት መድኃኒቶች አዳዲስ ቫይረሶች እንዳይባዙ ይከላከላሉ እንጂ ክቡን ከሥሩ ነቅለው አያወጡትም። ከበሽታው «ድኗል» የሚባለውም ሰው በአብዛኛው ቫይረሱን ከሰውነቱ ያባረረ ሳይሆን ጸጥ ያሰኘው ነው።

በደም ውስጥ የሚታዩት ዱካዎች ሦስት ዋና ዋና ናቸው። የላይ ሽፋን አንቲጂኑ ቫይረሱ አሁን በሥራ ላይ መሆኑን ያመለክታል። ለዚህ አንቲጂን የሚመረተው ፀረ-እንግዳ አካል በክትባት ወይም ከኢንፌክሽን በማገገም የተገኘ መከላከያ መኖሩን ያሳያል። ሦስተኛው ለቫይረሱ የውስጥ ቅርፊት የሚመረተው ፀረ-እንግዳ አካል ነው። ክትባቱ የውስጥ ቅርፊቱን ስለማይዝ ይህ ሦስተኛው ዱካ በክትባት ሊመጣ አይችልም፤ በደም ውስጥ ከተገኘ ሰውየው በሕይወቱ በአንድ ወቅት ከቫይረሱ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። የተደበቀውን የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ፍንጭ የሚያገኘው ከዚሁ ነው።

ይህ ፍንጭ አዲስ አይደለም። የላይ ሽፋን አንቲጂን ያልታየበት፣ የውስጥ ቅርፊት ፀረ-እንግዳ አካል ግን የነበረበት ደም ለተቀባዩ ሄፓታይተስ ቢ ሊያስተላልፍ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1978 በሕክምና መጽሔት ታትሞ ነበር። ኋላም ፀረ-እንግዳ አካሉ ካለባቸው ለጋሾች ጉበት የተቀየረላቸው ሕሙማን በቫይረሱ ሲያዙ፣ ቫይረሱ ለዓመታት ተደብቆ የሚቆየው በጉበት ውስጥ መሆኑ ግልጽ ሆነ።

የትርጉሙ ወሰን

ስውር ኢንፌክሽን የሚለው ስያሜ ለረጅም ጊዜ ልቅ ሆኖ ይሠራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በጣሊያን ታኦርሚና የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ወሰን አበጁለት፤ በዚያው ከተማ ከዐሥር ዓመት በኋላ የተሰበሰቡትም ትርጉሙን አጠበቁት። በዚህ መሠረት ስውር ኢንፌክሽን ማለት የላይ ሽፋን አንቲጂናቸው በተገኙት ምርመራዎች ባልታየ ሰዎች ጉበት ውስጥ፣ በደማቸው ውስጥም ሊኖር ወይም ላይኖር የሚችል፣ ለመባዛት ብቁ የሆነ የቫይረሱ ዲኤንኤ መኖር ነው። በደም ውስጥ ሲገኝ መጠኑ ብዙውን ጊዜ በሚሊ ሊትር ከ200 ዓለም አቀፍ አሃድ በታች ነው።

«ለመባዛት ብቁ» የሚለው ሐረግ የተጨመረው በምክንያት ነው። የቫይረሱ ዲኤንኤ ቁርጥራጮች በሰው ክሮሞሶም ውስጥ ተሰክተው ሊቀሩ ይችላሉ። እነዚህ ቁርጥራጮች ከካንሰር ጋር በተያያዘ የራሳቸው ጣጣ ቢኖራቸውም አዲስ ቫይረስ አያወጡም፤ ስለዚህ እነርሱ ብቻቸውን የተገኙበት ሰው ስውር ኢንፌክሽን አለበት አይባልም።

ከትርጉሙ የሚወጡ ሌሎች ሁለት ሁኔታዎችም አሉ፤ በላቦራቶሪ ሥራ ላይ በተደጋጋሚ ስለሚደባለቁ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። አንደኛው የቅርብ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ዲኤንኤው ከላይ ሽፋን አንቲጂኑ ቀድሞ በደም ውስጥ ይታያል። በዚያ መስኮት የተቀዳ ደም ከስውር ኢንፌክሽን ጋር አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሚወሰድ ሁለተኛ ናሙና ግን ይለያል። ሁለተኛው ቫይረሱ ሽፋኑን የለወጠበት ነው። የላይ ሽፋን ፕሮቲኑ 145ኛ አሚኖ አሲድ ከግላይሲን ወደ አርጂኒን ሲለወጥ አንዳንድ መመርመሪያዎች አንቲጂኑን መያዝ ይሳናቸዋል። እንዲህ ባለው ሰው ደም ውስጥ ዲኤንኤው ከ200 አሃድ እጅግ ሊበልጥ ይችላል። ይህ ሰው ግልጽ ኢንፌክሽን ያለበት፣ መሣሪያው ያሳታው ሕመምተኛ ነው፤ ሕክምናም ሊያስፈልገው ይችላል።

በእውነተኛው ስውር ኢንፌክሽን ግን ቫይረሱ በአብዛኛው ያልተለወጠ ነው። ጸጥ ያሰኘው የሰውየው የበሽታ መከላከያ ኃይል ነው፤ በተለይም የቲ ሕዋሳት ጥበቃ። ከዚህ ጋር በክቡ ዲኤንኤ ላይ የሚደረጉ ኬሚካዊ ለውጦች ዘሩ እንዳይነበብ ያደርጉታል። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስም በአንድ ጉበት ውስጥ አብሮ ሲኖር የቢን መባዛት ሊጫን ይችላል። በሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከባድ ማስጠንቀቂያ ያስለጠፈው ሲ ሲወገድ ቢ እንደሚነሣ ስለታየ ነው።

መሣሪያው የሚያየውና የማያየው

የዓለም ጤና ድርጅት ለላይ ሽፋን አንቲጂን ፈጣን ምርመራ የሚቀበለው ዝቅተኛ የመለየት ዐቅም በሚሊ ሊትር 4 ዓለም አቀፍ አሃድ ሲሆን፣ ለኤሊዛና መሰል የላቦራቶሪ ምርመራዎች 0.13 ነው። ልዩነቱ ሠላሳ እጥፍ ነው። ስለዚህ በጤና ጣቢያ ወረቀት «ነጋቲቭ» የተባለ ናሙና በጎንደር ወይም በባሕር ዳር ኤሊዛ ላይ ፖዘቲቭ ሆኖ ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም። ይህ ስውር ኢንፌክሽን ሳይሆን ደካማ ዓይን ያመለጠው ግልጽ ኢንፌክሽን ነው። በፈጣን ምርመራ ብቻ የተለዩ ናሙናዎችን ይዞ የስውር ኢንፌክሽን ስርጭትን አጠናሁ የሚል ሥራ ከመነሻው የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል፤ ለማጥናት የሚነሣ ተመራማሪ ናሙናውን በመጀመሪያ በጠንካራ ኤሊዛ እንደገና መፈተሽ ይኖርበታል። (የአንቲጂኑ አሃድና የዲኤንኤው አሃድ ስማቸው አንድ ቢሆንም የሚለኩት ነገር የተለያየ ነው፤ እርስ በርስ አይነጻጸሩም።)

ቀጥሎ የሚመጣው የዲኤንኤ ፍለጋ ነው። የምርመራው ወርቃማ መለኪያ ከጉበት የተወሰደ ናሙና ነው፤ በባለ ሁለት ዙር ፒሲአር ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ የቫይረሱ ዘር ክፍሎች ሲገኝ ብቻ ፖዘቲቭ ይባላል። አንድ ክፍል ብቻ ሲታይ ብክለት ወይም የተሰካ ቁርጥራጭ ሊሆን ስለሚችል አይታመንም። ነገር ግን ጉበቱ ጤናማ ከሆነ ሰው ለምርምር ብሎ ጉበትን በመርፌ መውጋት ከሕክምና ሥነ ምግባር ጋር አይስማማም። በተግባር የሚቀረው ደም ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ደግሞ ጥቂት ከመሆኑም በላይ ብቅ ጥልቅ ይላል።

የጥቂትነቱን ትርጉም አንድ ቀላል ስሌት ያስረዳል። አንድ ዓለም አቀፍ አሃድ አምስት ያህል የቫይረስ ቅጂ ነው እንበል። በሚሊ ሊትር 2 አሃድ ያለበት ለጋሽ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ ዐሥር ያህል ቅጂ አለው። ላቦራቶሪው 0.2 ሚሊ ሊትር ቢወስድ በአማካይ ሁለት ቅጂ ያገኛል። ዲኤንኤውን በማውጣት ሂደት ግማሹ ቢጠፋ አንድ ቅጂ ብቻ ይቀራል። አማካዩ አንድ ሲሆን በምርመራ ቱቦው ውስጥ ምንም ቅጂ የማይገባበት ዕድል ከመቶ 37 ያህል ነው። ማሽኑ ፍጹም ቢሆን እንኳ ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ በላይ «አልተገኘም» ይላል ማለት ነው። ሁለት ጊዜ በተለያየ ቀን ናሙና ቢወሰድ ሁለቱም የመሳት ዕድላቸው ወደ 14 ከመቶ፣ ሦስት ጊዜ ቢወሰድ ወደ 5 ከመቶ ይወርዳል። የናሙናው መጠን ወደ አንድ ሚሊ ሊትር ከፍ ቢል ደግሞ በአንድ ጊዜ ምርመራ የመሳት ዕድሉ ከመቶ ከአንድ በታች ይሆናል። ውድ ማሽን ከመግዛት በፊት ከክንዱ በቂ ደም መቅዳት የሚያስገኘው ጥቅም ከዚህ ይታያል።

አሁን ያው ለጋሽ ደም ሰጠ እንበል። በተለየው የቀይ ደም ሕዋስ ከረጢት ውስጥ ሃምሳ ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ቢቀር አምስት መቶ ያህል ቅጂ ወደ ተቀባዩ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የአውሮፓ ጥናት በስውር ተሸካሚዎች ደም የተያዙ ሰዎችን መዝግቦ በማስላት፣ ለመተላለፍ የሚበቃው መጠን 16 ቅጂ ያህል ብቻ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። መርማሪው የሚያየው የውሃ ጠብታ ያህል ነው፤ ታካሚው የሚቀበለው ግን ከረጢቱን ነው። እርግጥ ነው፣ የለጋሹ ወይም የተቀባዩ መከላከያ ፀረ-እንግዳ አካል ብዙውን ቫይረስ ሊያከሽፍ ስለሚችል እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ከረጢት በሽታ አያስተላልፍም። የመከላከል ዐቅሙ የተዳከመ ተቀባይ ግን ይህን ዋስትና አያገኝም።

በደረቀ የደም ጠብታ ናሙና መላክ ለኤችአይቪ ምርመራ በገጠር ትልቅ መፍትሔ ሆኖ ቆይቷል። ከጎርጎራ ወደ ጎንደር ወይም ሐይቁን ተሻግሮ ወደ ባሕር ዳር የሚላክ ናሙና በወረቀት ላይ ደርቆ ቢሄድ በረዶ ሣጥን አያስፈልገውም። ለስውር ሄፓታይተስ ቢ ግን ይህ መንገድ አይሠራም። ሃምሳ ማይክሮ ሊትር የደረቀ ደም የሚይዘው ሠላሳ ማይክሮ ሊትር ያህል ፕላዝማ ነው፤ ከላይ በተጠቀሰው ለጋሽ ላይ ይህ ከአራት ናሙና በሦስቱ ያህል ምንም ቅጂ ላይገኝ ይችላል ማለት ነው፤ የማውጣቱ ብክነት ሳይቆጠር። ፕላዝማው በጤና ጣቢያው ወይም በቆላድባ ተለይቶ፣ ቀዝቅዞ፣ በቅዝቃዜ ሰንሰለት መጓዝ አለበት።

የአገሪቱ ቁጥሮችና የደም ባንክ ጥያቄ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት 254 ሚሊዮን ሰዎች ሥር በሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ተይዘው እንደሚኖሩ ገምቷል፤ ከቢና ከሲ ጫና ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ከሚሸከሙት ዐሥር አገሮች መካከልም ኢትዮጵያን ቆጥሯታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናቶች ማጠቃለያ የላይ ሽፋን አንቲጂን ስርጭትን 7.4 ከመቶ አድርሶታል። በጎንደር ሆስፒታል ከ2003 እስከ 2007 ደም ከሰጡ 6,361 ሰዎች መካከል 4.7 ከመቶው፣ በባሕር ዳር ከተማም እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ከተመረመሩ ነፍሰ ጡሮች 3.8 ከመቶው አንቲጂኑ ተገኝቶባቸዋል። እነዚህ ሁሉ የሚታየውን ክፍል የሚለኩ ናቸው።

ስለማይታየው ክፍል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከካናዳው ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለት ጥናቶችን አሳትመዋል። አንዱ ኤችአይቪ ባለባቸው የጎንደር ሕሙማን፣ ሌላው በጎንደር ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገ ነው። በመጀመሪያው ተመራማሪዎቹ ፕላዝማን ብቻ ሳይሆን ነጭ የደም ሕዋሳትንም መርምረዋል፤ የጉበት ናሙና በማይገኝበት አገር ይህ ብልህ አማራጭ ነው። ስውሩ ኢንፌክሽን በጣና ሰሜናዊ አካባቢ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አለመሆኑ ከእነዚህ ሥራዎች ወዲህ አያከራክርም።

ለደም ባንክ የሚነሣው ቀላል የሚመስል ሐሳብ «የውስጥ ቅርፊት ፀረ-እንግዳ አካል ያለበትን ደም ሁሉ እናስወግድ» የሚል ነው። የሄፓታይተስ ቢ ስርጭት ዝቅተኛ በሆነባቸው አንዳንድ አገሮች ይህ ተሠርቶበታል። በኢትዮጵያ ግን ስሌቱ ወዲያው ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ሰፊው የአዲስ አበባ ጥናት ከ1,262 ቤተሰቦች የተወጣጡ 4,736 ሰዎችን መርምሮ ነበር። ከቫይረሱ ዱካዎች ቢያንስ አንዱ የተገኘባቸው ሰዎች በሃያ ዓመት ዕድሜ አካባቢ ግማሽ ያህል፣ ከ40 እስከ 49 ዓመት ባሉት ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። የዚያን ትውልድ ደም በዚህ መለኪያ ማጣራት ከአዋቂ ለጋሾች አብዛኞቹን መመለስ ነው። በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1969 ተጀምሮ በ2012 ወደ መንግሥት የተላለፈው የደም አገልግሎት ዘወትር የሚታገለው ከደም እጥረት ጋር ነው። በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈሳት እናት ደም ባታገኝ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች፤ ከስውር ለጋሽ የምትወስደው ቫይረስ ግን ባዋቂነቷ ቢይዛት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ራሷ የምታሸንፈው ነው። ሁለቱ አደጋዎች በአንድ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ በፀረ-እንግዳ አካል የጅምላ ማጣራት ዛሬ ለኢትዮጵያ የሚጎዳ ነው።

ሰውን በጅምላ ማግለል የሚያስከትለውን ጠባሳ ደግሞ የደንቢያና የአካባቢዋ ተወላጆች በባዕድ አገር ቀምሰውታል። ከጎንደር ዙሪያ መንደሮች ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ለዓመታት ደም ሲለግሱ ቆይተው፣ የሰጡት ደም ሳይነገራቸው ይጣል እንደነበር እ.ኤ.አ. በጥር 1996 በጋዜጣ ተገለጠ። ምክንያቱ የበሽታ ሥጋት መሆኑ ተነገረ። በሺዎች የሚቆጠሩት በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ፤ ጉዳዩንም በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚሽን መረመረው። የሥጋቱ መነሻ ሳይንሳዊ ሊሆን ይችላል፤ ስሕተቱ የደም ከረጢትን በመመርመር ፈንታ የለጋሹን ትውልድ መመዘኛ ማድረጉና ይህንም በስውር መፈጸሙ ነበር። ስለ ስውር ኢንፌክሽን በኢትዮጵያ መመሪያ የሚያወጣ ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

መካከለኛ መንገድ አለ። ደሙን በሙሉ ከማጣራት ይልቅ የመከላከል ዐቅማቸው እጅግ ለተዳከመ ተቀባዮች፣ ማለትም ለካንሰር ሕሙማን፣ ለአራስ ጨቅላዎችና እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በተጀመረው ዓይነት የኩላሊት ንቅለ ተከላ ለሚደረግላቸው፣ ዱካ የሌለበት ደም ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ይህ የሚጠይቀው ተጨማሪ አንድ ኤሊዛና ሥርዓት ያለው መለያ ብቻ ነው።

ማንን መመርመር ይገባል

ስውሩን ኢንፌክሽን በሁሉም ሰው ላይ መፈለግ ጥቅም የለውም፤ የተገኘበት ጤነኛ ሰው የሚደረግለት ሕክምና ስለሌለ ጭንቀት ብቻ ያተርፋል። ምርመራው ትርጉም የሚያገኘው ውጤቱ የሐኪምን ውሳኔ በሚለውጥበት ቦታ ነው።

ከሁሉ የሚቀድሙት የበሽታ መከላከያን የሚያዳክም ሕክምና ሊጀምሩ የተዘጋጁ ሕሙማን ናቸው። ለሊምፎማ የሚሰጠው ሪቱክሲማብ የቫይረሱን ጠባቂዎች ስለሚያስወግድ ተኝቶ የኖረው ቫይረስ በድንገት ይነሣል፤ አንዳንዶቹም በጉበት መድከም ይሞታሉ። በዚህ መድኃኒት ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ከባድ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል። እዚህ ላይ ዲኤንኤ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የውስጥ ቅርፊት ፀረ-እንግዳ አካሉ መኖሩ ብቻ ቫይረስ ተከላካይ መድኃኒት አስቀድሞ ለመጀመር ይበቃል። ፒሲአር በሌለበት ከተማ ያለ ሐኪም ይህን ውሳኔ በአንድ ኤሊዛ መወሰን ይችላል።

ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች ሁኔታ ለየት ይላል። በኢትዮጵያ የሚሰጠው ዋናው የፀረ-ኤችአይቪ ቅንብር ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን አሉበት፤ ሁለቱም ሄፓታይተስ ቢን ይጫናሉ። ስለዚህ ብዙዎች ሳያውቁት እየታከሙ ነው። ጥንቃቄው የሚያስፈልገው በኩላሊት ችግር ወይም በሌላ ምክንያት ቴኖፎቪር ሲቋረጥ ነው። የዚያን ቀን የውስጥ ቅርፊት ዱካውን ያልጠየቀ ሐኪም ከወራት በኋላ የሚመጣውን የኢንዛይም መጨመር ለመድኃኒት መርዛማነት ሊሰጠው ይችላል።

በሐይቁ ዳርቻ ደግሞ ጉበትን የሚጎዳ ሌላ ጎረቤት አለ፤ ቢልሃርዝያ። በጎርጎራ ተማሪዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የአንጀት ቢልሃርዝያ በከተማዋ መኖሩን አረጋግጧል። ጥገኛው የሚጥላቸው እንቁላሎች የጉበትን የደም ሥሮች ተከትሎ የሚሄድ ጠባሳ ያስከትላሉ፤ ጣፊያም ያብጣል፤ ደም የሚያስታውክ የጉሮሮ ሥር መፈንዳትም ሊመጣ ይችላል። ዓሣ አጥማጁ ወይም ታንኳ ቀዛፊው ሆዱ ተነፍቶ ሲመጣ፣ የላይ ሽፋን አንቲጂኑ ባይታይም እንቁላሉ በሰገራው ከተገኘ ምርመራው በዚያ ይዘጋል። ሆኖም በቢልሃርዝያ ብቻ የሚመጣ ጠባሳ የጉበት ሕዋሳትን ሥራ ለረጅም ጊዜ እምብዛም አያውክም። አልቡሚን የወረደበት፣ የደም መርጋት የዘገየበት ወይም በአልትራሳውንድ እብጠት የታየበት ሰው ሁለተኛ ምክንያት ሊኖረው ይችላልና የውስጥ ቅርፊት ዱካው ሊጠየቅ ይገባል። ስውር ኢንፌክሽን የጉበት ካንሰር ዕድልን እንደሚጨምር የሚያሳዩ ማስረጃዎች በዓለም ዙሪያ ስለተከማቹ፣ «ነጋቲቭ» የሚለው ቃል በካንሰር ሕመምተኛ መዝገብ ላይ የመጨረሻ መልስ ሊሆን አይችልም። የውስጥ ቅርፊት ዱካ አለመኖሩም ፍጹም ዋስትና አይደለም፤ ከስውር ተሸካሚዎች ጥቂቶቹ ምንም ዓይነት ፀረ-እንግዳ አካል አይታይባቸውም።

የደንቢያ ሜዳ በኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። በዚያ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1953 በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ ለጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 መመሥረት ምክንያት ሆኗል፤ ቆላድባም የኮሌጁ ተማሪዎች የሚለማመዱባት ጤና ጣቢያ ነበረች። ወባን ከደም ቅብ ላይ በዓይን አይቶ መለየት የሚቻል በመሆኑ የዚያ ዘመን ተማሪ ያየውን ያምን ነበር። የአሁኑ ተማሪ የሚያስቸግረው ጉዳይ ባላየው ነገር ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ መወሰን ነው። በመዝገቡ «የላይ ሽፋን አንቲጂን በፈጣን ምርመራ አልታየም» ብሎ የምርመራውን ዓይነት ጨምሮ ቢጽፍ ኋላ ለሚያነበው ሐኪም እውነቱን ያቆይለታል። ለእናቲቱም «ነፃ ነሽ» በማለት ፈንታ «ይህ ምርመራ ቫይረሱን አላሳየም፤ ሕፃኑን ግን በስድስት፣ በዐሥርና በዐሥራ አራት ሳምንቱ አስከትቢው» ማለት ይቻላል። ስውር ተሸካሚ የሆነች እናት ለልጇ የማስተላለፏ ዕድል ዝቅተኛ ስለሆነ በዚህ መንፈስ መናገሩ አያስደነግጣትም፤ በአንድ ማዕድ መብላትም ሆነ ልጅን ማጥባት የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ሄፓታይተስ ቢን የሚከላከለው የፔንታቫለንት ክትባት በኢትዮጵያ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የመጀመሪያዎቹ ተከታቢዎች በ2025 ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷቸው ደም ለመለገስ የሚፈቀድበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። በደም ልገሳ ዘመቻ ከትምህርት ቤቶችና ከዩኒቨርሲቲዎች የሚመጡ ወጣቶች እነርሱ ናቸው። በዚህ ትውልድ የውስጥ ቅርፊት ፀረ-እንግዳ አካል ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ከወላጆቻቸው ምን ያህል እንደወረደ በባሕር ዳርና በጎንደር የደም ባንኮች ከተቀመጡ ናሙናዎች መለካት ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚመጠን ሥራ ነው፤ ማሽኑ ኤሊዛ፣ ናሙናው የተሰበሰበ፣ የለጋሹም የትውልድ ዓመት የተመዘገበ ነው። ቁጥሩ ከመቶ አምስት ወይም ዐሥር ሆኖ ቢገኝ ዛሬ የማይሞከረው በፀረ-እንግዳ አካል ማጣራት ቢያንስ ከሃያ ዓመት በታች ባሉ ለጋሾች ላይ የደም አቅርቦቱን ሳያናጋ ሊጀመር ይችላል። ሠላሳና አርባ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ መመርመር ያለበት በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ክትባቱ የደረሰበት መንገድ ነው።